ጎረቤቶቼ እንዳያመልኩ ፈረምሁ፤ በደል ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ፊት ለፊት ፕሮቴስታንቶች ቤት ተከራይተው ያመልካሉ። ሰዉ «ይውጡልን» ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ እኔም ፈረምሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የምታመልከው ጎረቤቴ ቡና ስታፈላ አትጠራኝም። በአጥቢያችን ደግሞ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ስለ ሕንፃ ማሠሪያው ገንዘብ በቴሌግራም ጠየቀ ተብሎ ከመዘምራን ታገደ። እርሱ ሲታገድ አለቀስሁ፤ እነርሱ እንዲወጡ ግን ፈርሜያለሁ። ሕሊናዬ ዕረፍት አጣ። ቡናውስ ቢሆን፣ ብትጠራኝ መሄድ ይገባኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ መጠየቅሽ በጎ ነው። ብዙዎቻችን የመናገርና የማምለክ ነጻነትን ለራሳችን ሲሆን እንወደዋለን፤ ለማንስማማው ሰው ሲሆን ግን ድፍረት ይመስለናል።

ፊርማው ስለ ድምፅ ከነበረ ነገሩ ቀላል ነው። ማጉያው ሕፃንና በሽተኛ የሚቀሰቅስ ከሆነ ለወረዳው ማመልከት ይቻላል። ያኔ ግን ለኪዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምንከፍተው የእኛ ማጉያም በዚያው መስፈሪያ ይሰፈራል። እኔ የእኛም ድምፅ ከቅጥሩ ባይወጣ እመርጣለሁ፤ በዚህ የማይስማሙኝ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

«እዚህ አያምልኩ» የሚል ከነበረ ግን በደል ነው። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እግዚአብሔር እሳትንና ውኃን በሰው ፊት አኑሮ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይለዋል። ፈጣሪ ያላስገደደውን እኛ በብሎክ ኮሚቴ ልናስገድደው ነውን? የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ባለ ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ይውረድ አሉ። ጌታ የገሠጸው ሳምራውያኑን ሳይሆን ደቀ መዛሙርቱን ነው፤ ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ (ሉቃ. 9)።

ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው እያልሁሽ አይደለም። በምሥጢራትና በእመቤታችን ክብር ያለን ልዩነት ትልቅ ነው። ልጆችሽን አስተምሪ፤ ለሚጠይቅሽም ሐዋርያው ጴጥሮስ እንዳዘዘው በየዋህነት መልስ ስጪ። በፊርማ የተባረረ ሰው እምነቱን እንደ ያዘ፣ በእኛ ላይ ቂም ጨምሮ ይሄዳል።

ደግሞም ታሪካችንን አስቢ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ደርግ መጣና ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። በዚያው ዓመት የፕሮቴስታንቶቹ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። የእኛን አባትና የእነርሱን አባት የገደለው አንድ መንግሥት ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል። ዛሬ ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸውን የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11፣ የማምለክን መብት አንቀጽ 27 ያስቀምጣሉ፤ አንቺም ጎረቤትሽም የምትጠለሉት እዚያው ሥር ነው።

ስለ ወጣቱ፦ ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለ (ዮሐ. 18፥23)። ልጁ የጻፈው ሐሰት ከሆነ ደረሰኙና ሒሳቡ ይቅረብና ይታረም፤ ስም አጥፍቶ ከሆነም ይቅርታ ይጠይቅ፤ «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» የሚለው ትእዛዝ ለእርሱም ነው። እውነት ከሆነ ግን ለምን ይታገዳል? ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚመረጠው ምእመኑ ስለ ገንዘቡ እንዲጠይቅ ነው። አስቀድሞ ለሰበካ ጉባኤው አለመናገሩን እነቅፍበታለሁ። ተናግሮ ሰሚ አጥቶ ከሆነ ግን ነቀፋው ወደ እኛ ይዞራል።

አሁን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ከዚያም ወደ ኮሚቴው ሄደሽ ስምሽን አስሰርዢ። ለወጣቱም እገዳው እንዲነሣ፣ ሒሳቡም በጉባኤ እንዲነበብ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነሽ ጠይቂ፤ ለዚህኛው ፊርማ ግን እጅሽ አይፍራ።

ስለ ቡናው ደግሞ እስክትጠራሽ አትጠብቂ፤ አንቺ አፍልተሽ ጥሪያት።