እንስሳውን ሳታቅፉ አገልግሉት

ልጆቼ፣

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ፣ ፓስፖርት አውጥታችሁ፣ ኬንያ ወይም ኡጋንዳ ወይም ደቡብ አፍሪካ የዱር እንስሳትን በበጎ ፈቃድ ልታገለግሉ የምታስቡ በደሴም በኮምቦልቻም አላችሁ። ሐሳባችሁ ደስ ይለኛል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፦ የምትሄዱበት ቦታ እንስሳውን እንድታቅፉ ይፈቅዳል? ከፈቀደ ይቅርባችሁ።

የአንበሳ ግልገል አቅፎ ጡጦ የሚያጠባ ወጣት ፎቶ ስታዩ፣ ግልገሉ እናቱ የሞተችበት ነው ይሏችኋል። በደቡብ አፍሪካ የአንበሳ እርባታዎች ግን ግልገሎች ገና በጨቅላነታቸው ከእናታቸው የሚነጠቁት እሷ ቶሎ ዳግም እንድታረግዝ ነው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጥርሱና ጥፍሩ ለጎብኚ ያሰጋል። ሰው የለመደ አንበሳ ደግሞ ዱር አይለቀቅም። ወይ ዕድሜውን በአጥር ውስጥ ይጨርሳል፣ ወይ እዚያው አጥር ውስጥ ተኩሶ ለሚገድል ከፋይ አዳኝ ይሸጣል። የእናንተ ገንዘብ ቀጣዩን ግልገል ያስወልዳል።

ናይሮቢ ያለውን የሼልድሪክ የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ተመልከቱ። ግልገሎቹ ሌት ተቀን በየ3 ሰዓቱ ወተት ይጠጣሉ። የላም ወተት ስብ ስለማይስማማቸው የሚሰጣቸው ለሕፃናት ከሚዘጋጅ የዱቄት ወተት የተቀመመ ነው። ማታ ጠባቂ አብሯቸው ያድራል፤ ጠባቂው ግን ይቀያየራል። ግልገል አንድ ሰው ላይ ብቻ ከተጣበቀ፣ ያ ሰው የጠፋ ዕለት መብላቱን ሊተው ይችላል። ሁለት ሳምንት አቅፋችሁት ብትሄዱ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ገምቱ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እንስሳ ታራባላችሁ? ትሸጣላችሁ? ዱር መመለስ የማይችሉት የት ይኖራሉ? የመንግሥት ፈቃዳችሁን ታሳዩናላችሁ? ለቺምፓንዚ ከሆነ የአፍሪካ የእንስሳት መጠለያዎች ኅብረት የሆነው የፓን አፍሪካ ሳንክቹዋሪ አሊያንስ አባል መሆናቸውን እዩ፤ ኡጋንዳ ውስጥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለው የንጋምባ ደሴት መጠለያ አንዱ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት አምጡ የሚል ቦታ አያስቀይማችሁ፤ እናንተን አልጋ ላይ የማይጥል ጉንፋን ቺምፓንዚን ሊገድል ይችላልና።

እውነተኛው ሥራ ጽዳት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍግ ላይ በረኪና በመድፋት ነው። ክሎሪኑ ፍጉ ላይ ያልቅና ጀርሙ ይተርፋል። ከሽንት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ ፍጉንና ድርቆሹን በደረቁ ጥረጉ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ በሳሙና ፈትጉ፣ እንደገና አለቅልቁ። ከዚያ 1 ሊትር 5 በመቶ በረኪና በ9 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አፍሱ፤ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ታጥቦ ይድረቅ፣ እንስሳው የሚመለሰው ያኔ ነው። የጤነኞቹን ማደሪያ አስቀድሙ፣ የታመሙትን መጨረሻ አድርጉ። ድርብ በር ካለ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት፤ እንስሳ በዚህ ችኮላ ያመልጣል። ምግቡን መዝናችሁ ስጡ፣ የተረፈውንም መዝኑ። እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ ቀድሞ የሚያጋልጠው ያልተነካው ምግብ ነው።

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? ክትባትም እንዲያ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፣ በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው። በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ብትነከሱ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ተከትባችሁ ቢሆንም ሁለት ተጨማሪ መርፌ አለባችሁ፣ በዕለቱና በ3ኛው ቀን። ለኡጋንዳ የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል፣ ክትባቱም ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ቪዛችሁ በጎ ፈቃድ ሥራን እንደሚያካትትም ኤምባሲውን ጠይቁ፤ የጎብኚ ቪዛ ብዙ ጊዜ አያካትትም።

ደግሞስ ለመጀመር ድንበር መሻገር አያስፈልግም። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች ናቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፉባቸውም የመንደር ውሾች ናቸው። ስለዚህ ውሻ በሚከተብበት ዘመቻ ውሻ መያዝና መዝገብ መጻፍ ለቀበሮው የሚደረግ አገልግሎት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ሄዳችሁ የሚረዳ እጅ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። ጭላዳ ስትቆጥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወንዱን፣ የሴቷንና የግልገሉን ቁጥር ለየብቻ ጻፉ። ሳታዩ የገመታችሁትን «ግምት» ብላችሁ ለዩት። ወደ ውጭ ስታመለክቱ የዚያን ደብተር ገጾች ፎቶ አንስታችሁ ከማመልከቻው ጋር ላኩ።