ረዳቱም የሚተኛበት ማረፊያ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ስለሚቆሙ ከባድ መኪኖች ናቸው። አምስቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሚሌ አካባቢ ከዋናው አስፋልት ጋር የሚዋሰን 1 ሄክታር (100 በ100 ሜትር) ቦታ አለኝ። የከባድ መኪና ማረፊያ ልሠራበት ነው። 60 መኪና ይይዛል ያሉኝ አሉ። እውነት ነው? በምንስ ልጀምር?

መልስ፦ 60 መኪና ማስገባት ይቻል ይሆናል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መሀል የቆመው ልውጣ ሲል ግን ሃያ ሾፌር መቀስቀስ ይኖርበታል። ሁሉም አርፎ እንዲተኛና እያንዳንዱ በፈለገው ሰዓት እንዲወጣ ከፈለጉ፣ ቦታዎ የሚይዘው 20 መኪና ነው። ስሌቱ እነሆ።

በዚህ መንገድ የሚበዛው ባለ ተሳቢ ነው። ተሳቢ ሁለት ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ አንደኛው መሳቢያው ብረት ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት፣ ሁለተኛው ተሳቢው የፊት ጎማዎቹን የሚያዞርበት ክብ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሲነዳ አንዱ ማጠፊያ የሌላውን ያበላሻል። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለን ሰው በጨለማ ተሳቢ ይዞ በኋላ ማርሽ ቦታ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ የአጥርና የመብራት ምሰሶ ማስመታት ነው። በፊት ገብቶ በፊት የሚወጣበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚመቸው ደግሞ በ45 ዲግሪ ሰያፍ የተሰመረ መስመር ነው።

አንዱ ቦታ 22 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ይኑረው። መኪናው ራሱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው የሚሰፋው፤ ቀሪው ለመስታወት፣ ለጋቢናው በርና ጎማ እየዞረ ለሚያይ ሰው ነው። በ45 ዲግሪ ሲሰመር አንዱ መኪና ከመተላለፊያው ጎን 5.7 ሜትር ያህል ይይዛል፣ ረድፉ ደግሞ ወደ ጥልቀት 18.5 ሜትር ገደማ ይወስዳል። በረድፎቹ ፊትና ኋላ 11 ሜትር ስፋት ያለው የአንድ አቅጣጫ መተላለፊያ ያስፈልጋል። ሁለት ረድፍና ሦስት መተላለፊያ ሲደመር 70 ሜትር ነው። በወርዱ በኩል ደግሞ ለመዞሪያ ግራና ቀኝ 12 ሜትር ሲቀነስና ሰያፉ የሚበላው ሲወጣ፣ በየረድፉ 10 መኪና ይገባል። የሚተርፈው 30 በ100 ሜትር ለመኝታ፣ ለመታጠቢያ፣ ለምግብ ቤትና ለጎሚስታ ይበቃል። ሦስተኛ ረድፍ ልጨምር ካሉ ይህንን ሁሉ ያጣሉ፤ ያኔ ማረፊያ ሳይሆን መኪና ማከማቻ ይሆናል።

በሩ ከአስፋልቱ ቢያንስ 40 ሜትር ገባ ይበል። አለበለዚያ ዘበኛው አንዱን ሲመዘግብ የሚቀጥለው ጭራ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ሌሊት ከኋላው የሚመጣ ይገጨዋል። የበሩም ሆነ የማንኛውም ጣሪያ ከፍታ ከ5 ሜትር አይነስ። ረጅሙ ዓይነት ኮንቴይነር ብቻውን 2.9 ሜትር ነው፤ የተሳቢው ወለል ሲጨመር 4.4 ሊደርስ ይችላል። መውጫውን ጠመዝማዛ ወይም ጉብታ አጠገብ አያድርጉት። የጫነ ተሳቢ ከቆመበት ተነስቶ መንገዱ ውስጥ እስኪገባ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ ከ260 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል 300 ሜትር ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ወለሉን በሙሉ በኮንክሪት ለመሙላት ገንዘብ ካልበቃ፣ መቆሚያውን በደንብ በተጠቀጠቀ 30 ሳንቲም ገረጋንቲ ይጀምሩና ኮንክሪቱን ናፍጣ የሚቀዳበትና ጎማ የሚፈታበት ቦታ ላይ ያውሉት። እዚያ ላይ አስፋልት አያንጥፉ፤ የፈሰሰ ናፍጣ አስፋልትን ያሟሟል፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ክሪክ ይሰምጥበታል። ውሃ እንዲሄድ ከመቶ ሜትር 1 ሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል። ከ2 ሜትር ሲያልፍ ሾፌሩ ጭንቅላቱ ወደ ታች ዘምበል ብሎ ያድራል፣ የእጅ ፍሬኑንም አያምንም።

በምን ልጀምር ላሉት፦ አጥርና አንድ በር፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ቀጥሎ ጥላ። ምግብ ቤቱ መጨረሻ ይምጣ። ብዙ ሰው በምግብ ቤት ይጀምራል፤ ነገር ግን ምግብ በየከተማው አለ፣ ያለ ስጋት የሚተኛበት ቦታ ነው የጠፋው።

ጥያቄ፦ ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ማደያ አለን። አጥር ሠርተን ዘበኛ ቀጥረናል፣ አልጋም አለን። ሾፌሮች ግን ናፍጣ ቀድተው ይሄዳሉ እንጂ አያድሩም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ አንድ ነገር እንጠይቅዎት፤ ሾፌሩ አልጋ ሲይዝ ረዳቱ የት ነው የሚያድረው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «መኪናው ላይ፣ ዕቃ እየጠበቀ» ነው። ረዳቱ ሳይተኛ ካደረ በማግስቱ ክሪክ የሚያስገባው፣ ሸራ የሚያስረው፣ ወደ ኋላ ሲባል ከኋላ ቆሞ የሚመራው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሾፌሩም ይህንን ስለሚያውቅ ልቡ አያርፍም። የማረፊያ መለኪያው ይህ ነው፤ ረዳቱ ያለ ሐሳብ ከተኛ ጥበቃው በቂ ነው፣ ካልተኛ አጥሩ ለይስሙላ ነው።

የሚሰረቀው ምን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከሰልባትዮ (ከነዳጅ ታንኩ) በጎማ ቱቦ የሚቀዳ ናፍጣ፣ ባትሪ፣ ትርፍ ጎማ፣ በተቀደደ ሸራ የሚወጣ ዕቃ። አብዛኞቹ ያሉት መኪናው ሥር ወይም ጎኑ ላይ ነው። ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንድ ትልቅ ፓውዛ ግን የጋቢናውን ጣሪያ አብርቶ በሁለት መኪና መካከል ድቅድቅ ጥላ ይተዋል። ሌባ የሚሠራው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ትልቁ መብራት እንዳለ ሆኖ፣ በየረድፉ ጫፍ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መኪኖቹ መሀል የሚያበሩ ትናንሽ መብራቶች ይጨምሩ፤ በጋቢናው መስኮት በኩል ገብተው ዓይን እንዳይወጉም ወደ ታች ያዙሯቸው። የዘበኛው ማማ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይሁን፤ በሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ዘበኛ የሚያየው የሚገባውን ሰው እንጂ አጥር ዘሎ የመጣውን አይደለም።

በር ላይ ሲመዘግቡ ታርጋ ብቻ አይጻፉ። የኮንቴይነሩን የእሽግ ቁጥር፣ የትርፍ ጎማ ብዛትና ሸራው ደህና መሆኑን አይታችሁ በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ለሾፌሩ ስጡት። ጠዋት ሲወጣ በዚያው ወረቀት ይረከባል። ዕቃ ጠፋ ሲባል ክርክር የሚነሳው ማታ ምን እንደነበረ የጻፈ ስለሌለ ነው።

ጀነሬተሩንም ይዩት። ከአልጋው ክፍል ግድግዳ ጋር ከተጠጋ ማንም አይተኛም። በመቆሚያው ሌላኛ ጫፍ፣ ከኋላው በግንብ ተጋርዶ ይቀመጥ። መጠጥ ቤቱና ሙዚቃውም እንደዚሁ።

በሙቀቱ ወራት ሌሊት ነድቶ ቀን የሚተኛ ሾፌር አለና ጥላም ያስፈልገዋል። ከሰዓት በኋላ ጋቢና የሚያቃጥለው የምዕራብ ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ዛፉን ከረድፉ ምዕራብ በ8 ሜትር ልዩነት ይትከሉ። ኒም ያንን ሙቀት ይችላል። ፕሮሶፒስን ግን ፈጽሞ አያስጠጉ፤ አፋርን ያጥለቀለቀው ይህ እሾሃም ዛፍ ጎማ ይወጋል። አጥር ሥር በቅሎ ከሆነ ከነሥሩ ያውጡት።

ጥያቄ፦ ረዳት ነኝ። ከአዲስ አበባ 115 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ተሞልቶ የወጣ ጎማ ሰመራ ስንደርስ ከ130 በላይ ያሳያል። ሾፌሩ «አስተንፍስ» ይለኛል፣ ጎሚስታው «ተው» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጎሚስታውን ስማ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሰመራ ከ500 በታች። ጠዋት በ15 ዲግሪ 115 የተሞላ ጎማ በ40 ዲግሪ ውስጥ ቆሞ ቢውል፣ ሳይነዳ እንኳ 123 ገደማ ያሳያል። ይህ የከፍታው ለውጥ የሚቀንሰው ታስቦ ነው። ላዩ ላይ ከመንገዱ ያገኘው ሙቀት ሲጨመር 130 ማለፉ የሚጠበቅ ነው፤ ጎማውም ይህንን ታስቦ ነው የተሠራው። አሁን ብታስተነፍሰው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ያነሰ ንፋስ ያለው ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ሽቦውን ከጎማው ያላቅቃል። በረሃ ላይ የሚፈነዳው አብዛኛው ጎማ በዚህ ምክንያት የሚሄድ ነው።

ልትጠነቀቅ የሚገባህ ከሌሎቹ የተለየውን ነው። ሁሉም 130 ሆነው አንዱ 105 ከሆነ ያ ጎማ ይተነፍሳል። በተለይ ጎን ለጎን ከሚታሰሩት ጥንድ ጎማዎች ውስጠኛውን በዓይን አትመን፤ ውጪኛው ስለሚሸከምለት የሞላ ይመስላል። ከ115 ወደ 92 የወረደ ጎማ ንፋሱ አልቆ እንደተነዳ ይቆጠራል፤ ወርዶ ውስጡ ሳይታይ ንፋስ አይሞላም።

ጎሚስታ ቤቱንም መዝን። ኮምፕሬሰሩ 8 ባር ብቻ የሚደርስ ከሆነ 115 አይሞላልህም፤ 115 ራሱ 8 ባር ያህል ነውና። ቢያንስ 10 ባር የሚሰጥ መሆን አለበት። ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ባለ ቀለበት ከሆነ ጎማውን ብረት ቀፎ ውስጥ ሳታስገባ አታስሞላ። ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ ተፈትልኮ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። ቱቦው 3 ሜትር ያህል ረዝሞ ጫፉ ቫልቩን በራሱ የሚይዝ ይሁን፣ የሚሞላው ሰው ከጎማው ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ራቅ ብሎ ይቁም። ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ ብሎን) ከመፍታትህ በፊት ደግሞ የሁለቱንም ጥንድ ጎማ ንፋስ አውጣ። የተፈታ ጎማ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቆመህ ዳዶውን እንደገና አጥብቅ፤ አዲስ የተቀባ ቸርኬ ከሆነ ቀለሙ ሲጫን ዳዶው ይላላልና ይህ አይታለፍ።

ጥያቄ፦ ማረፊያችን ውስጥ ቦቴዎችም ያድራሉ። ባዶዎቹን ከሌሎች መኪኖች ጋር ብናቆም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቤንዚን ያራገፈ ባዶ ቦቴ ከሞላው የበለጠ አስጊ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ለመቀጣጠል የተዘጋጀ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ ከሰል ምድጃ ወይም ጀበና ቡና የሚፈላበት ድረስ ይደርሳል። ቦቴዎቹን ነፋሱ ከማረፊያው ወደ እነሱ በሚነፍስበት ወገን፣ ከወጥ ቤትና ከመኝታ ቢያንስ 50 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። ፊታቸው ወደ መውጫው ይሁን። የዚያ ክፍል የውሃ መውረጃ ከሌላው ጋር አይገናኝ፤ የፈሰሰውን በአሸዋ እንጂ በውሃ አትጠቡ። በጋሪ የሚገፋ 50 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሁለት አስቀምጡ፤ ኃላፊው ቁልፍ ባለው ክፍል አይቆልፍበት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና እነዳለሁ። ከወንድሞቼ ጋር አገር ቤት ማረፊያ ለመሥራት አስበናል። እዚህ ካለው ምኑን ብንወስድ ይበጃል?

መልስ፦ ስፋቱን አይደለም። እዚያ ሕጉ ራሱ ማረፍን ያስገድዳል፤ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት፣ ከ8 ሰዓት መንዳት በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆም። እንደዚያም ሆኖ መቆሚያ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ዕቃ ለማራገፍ ቀድሞ የደረሰ ጄሰን የተባለ ሾፌር ቦታ አጥቶ የተዘጋ ማደያ ላይ እንደቆመ ተገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመቆሚያ ሕግ በስሙ ይጠራል። አውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 የከባድ መኪና መቆሚያዎችን ደኅንነት በነሐስ፣ በብር፣ በወርቅና በፕላቲነም ደረጃ የሚመድብ ደንብ አውጥቷል። ሁለቱም ቦታ ጉዳዩ የጀመረው ከመኝታና ከጥበቃ ነው፤ እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ሊወሰድ የሚገባው ሻወሩ ነው። እዚያ ብዙ ጣቢያዎች 50 ጋሎን ገደማ ናፍጣ ለቀዳ ሾፌር ሻወር በነፃ ይሰጣሉ፤ አሠራሩ እዚህም ያዋጣል፣ ለረዳቱም ከጨመራችሁ። ለ20 መኪና 40 ሰው ብላችሁ አስቡ። በደቂቃ 7 ሊትር የሚያፈስ ሻወር ለ6 ደቂቃ ሲከፈት 42 ሊትር ይወስዳል፣ ለሁሉም 1,700 ሊትር ገደማ። መጸዳጃ፣ ልብስ ማጠቢያና ወጥ ቤት ሲጨመር በቀን 4,000 ሊትር ያዙ። የቦቴ ውሃ አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላልና ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ያስፈልጋችኋል። ሮቶውን ፀሐይ ላይ ብትተዉት በሚሌና በሰመራ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ውሃው ገላ ያቃጥላል፤ ነጭ ቆርቆሮ ጥላ ሥሩለት።

ስድስት የመታጠቢያ ክፍል ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ልብስ የሚሰቀልበት ደረቅ ጥግ ያለው ይሁን። ገንዘብና ሰነድ የያዘ ሰው ከረጢቱን ውጭ ትቶ አይታጠብም። ዝቅ ያሉ ቧንቧዎች ያሉት የውዱእ ቦታና አጠገቡ ጥላ ያለው መስገጃ አይቅር፤ መንገዱ የሙስሊም ሾፌሮችና የአፋር ሕዝብ መንገድ ነው። ለወጥ ቤቱም የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻ።

ጉድጓድ ልታስቆፍሩ ከሆነ ውሃውን ሳታስመረምሩ ለመጠጥ አታውሉት። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ ይህ ደግሞ በማፍላት አይወጣም። ጨዋማው ውሃ ለገላ ይሆናል፤ የሻወሩን ራስ ግን ይደፍነዋል። ስለዚህ የሚፈታ ዓይነት ግዙና በየ15 ቀኑ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት።