የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ቴክኒሽያንነት ትምህርት

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ቴክኒሽያን ለመሆን ከሚማሩና ለመመዝገብ ከሚያስቡ አንባቢያን የደረሱን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምመዘገብበት ኮሌጅ «ኤሌክትሪካል»፣ «ኤሌክትሮኒክስ ቴክኖሎጂ» እና «ኢንጂነሪንግ» የሚሉ ሦስት ፕሮግራሞች አሉት። ሦስቱም የሁለት ዓመት ናቸው ይላል። ቴክኒሽያን የሚያደርገኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ስሙን ይተዉትና የኮርሶቹን ዝርዝር ይመልከቱ። ቱቦ ማጠፍ፣ የሕንፃ ሽቦ ዝርጋታና ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ የበዛበት ፕሮግራም ወደ ኤሌክትሪሻንነት ይወስዳል። የዚያ ሙያ ፈቃድ ደግሞ በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ዓመት የሥራ ላይ ልምምድ ስለሚጠይቅ በዲግሪው ብቻ አይገኝም። ካልኩለስ 1፣ 2 እና 3 ከነፊዚክሱ የተደረደሩበት ፕሮግራም ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገሩ የተዘጋጀ ነው። የቴክኒሽያኑ ፕሮግራም በላብራቶሪው ብዛት ይታወቃል፦ ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ሰርኪዩት፣ ኤሲ (ተለዋዋጭ ከረንት) ሰርኪዩት፣ ዲጂታል፣ ሴሚኮንዳክተር፣ ሞተርና መቆጣጠሪያ፣ ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ኮምፒውተር)። ሂሳቡ በአብዛኛው አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ሲሆን መጨረሻው አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የሚባለው ዲግሪ ነው።

ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት አማካሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁ። መጀመሪያ፣ ነገ ባችለር መማር ቢፈልጉ ክሬዲቶቹን የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይስጥዎት። ብዙ የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲዎች አፕላይድ ሳይንስ የሚለውን ክሬዲት አይቆጥሩትም፤ የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ባችለር ፕሮግራሞች ግን የተሻለ ይቀበሉታል። ፕሮግራሙ የአቤት (ABET፣ የኢንጂነሪንግና የቴክኖሎጂ ፕሮግራሞችን መዝኖ እውቅና የሚሰጥ ድርጅት) እውቅና ያለው መሆን አለመሆኑንም በዚያው ያጣሩ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ እያንዳንዱ ኮርስ በየስንት ጊዜው ይሰጣል? የኤሲ ኮርስ የሚወሰደው ከዲሲ በኋላ፣ የሞተሩ ደግሞ ከኤሲ በኋላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካመለጠዎት የተቀረው ሁሉ አንድ ዓመት ይገፋል። የማታ ተማሪዎችን በብዛት የሚያዘገየው ከትምህርቱ ክብደት ይልቅ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞልቼ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ ተፈቅዶልኛል። 12 ክሬዲት ብይዝ ሙሉ ሰዓት ተማሪ ነኝ፤ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ?

መልስ፦ አይጨርሱም። 12 ክሬዲት በሴሚስተር፣ በአራት ሴሚስተር 48 ነው፤ ዲግሪው ግን 60 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ወይ 15 እና ከዚያ በላይ ይያዙ፣ ወይ በበጋው (በሰመር) ወራት እንግሊዝኛውንና የመሳሰሉትን ጠቅላላ ኮርሶች ያቃልሉ። የላብራቶሪ ኮርሶችን ለበጋ አይተዉ፤ ብዙ ጊዜ አይሰጡም።

ጥያቄ፦ ዲሲ ሰርኪዩትን በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። ኤሲ ላይ ስደርስ መልሶቼ ሁሉ ይሳሳታሉ። ቀመሮቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

መልስ፦ ችግሩ ከቀመሩ ሳይሆን ከመደመሩ ሳይሆን አይቀርም። 30 ኦም ሬዚስተርና 40 ኦም ሪአክታንስ (ኮይል ለኤሲ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) ያለው ኮይል በተከታታይ ቢገናኙ ድምሩ 70 አይደለም። በኮይሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከከረንቱ 90 ዲግሪ ስለሚቀድም፣ ሁለቱ እንደ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ጎኖች ይደመራሉ፦ 50 ኦም፣ ማዕዘኑ 53.1 ዲግሪ። በ120 ቮልት የሚያልፈው ከረንት 2.4 አምፔር ነው። ሬዚስተሩ ላይ 72፣ ኮይሉ ላይ 96 ቮልት ይለካሉ። 72 እና 96 ሲደመሩ 168 መሆናቸው ተማሪውን ያስደነግጠዋል፤ ሜትሩ ግን አልዋሸም፣ ማዕዘኑን ስለማያሳይ ብቻ ነው።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። ካልኩሌተሩ ሬዲያን ላይ ተቀምጦ ከሆነ ማዕዘኑ 53.1 መሆኑ ቀርቶ 0.927 ይላል፤ ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ሁለተኛው ኦሲሎስኮፕ ነው። መልቲሜትር 12 ቮልት የሚለውን ሳይን ሞገድ ኦሲሎስኮፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ 34 ቮልት ገደማ አድርጎ ያሳየዋል፤ ሜትሩ የሚሰጠው አርኤምኤስ (የሞገዱን ውጤታዊ መጠን) ስለሆነ ጫፉ 1.414 እጥፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ደግሞ የዚያ እጥፍ ነው። ልዩነቱ በትክክል 10 እጥፍ ከሆነ ግን የፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) መቀየሪያ ይመልከቱ፤ ፕሮቡ 10 ላይ፣ ስክሪኑ 1 ላይ ሆነው ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ላብ ውስጥ የመልቲሜትሩን ፊውዝ ሁለት ጊዜ አቃጠልኩ፤ አንድ ሬዚስተርም ጨሰብኝ። ሰርኪዩቱ ግን ከሥዕሉ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

መልስ፦ ከረንት ለክተው ሲጨርሱ ቀዩን ገመድ ከአምፔር ቀዳዳ ሳያወጡ ቮልቴጅ ለመለካት ሞክረው ይሆናል። በአምፔር ቀዳዳ በኩል የሜትሩ ሬዚስታንስ ወደ ዜሮ የተጠጋ ስለሆነ፣ በፓወር ሰፕላዩ ሁለት ጫፎች ላይ ሲያሳርፉት ሾርት ነው የሠሩት። የተቃጠለውን ፊውዝ በአምፔር ልኩ ብቻ ሳይሆን በቮልቴጁና ሊቆርጠው በሚችለው ከረንት መጠንም ተመሳሳይ በሆነ ይተኩት፤ ርካሽ የመስታወት ፊውዝ በከፍተኛ ኃይል ሰርኪዩት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በትንንሽ ሰርኪዩት ላይ ከነአካቴው አምፔር መለካቱን መተው ይችላሉ። በ220 ኦም ሬዚስተር ላይ 2.2 ቮልት ካነበቡ ከረንቱ 10 ሚሊአምፔር ነው፤ ሽቦ መቁረጥም አያስፈልግም።

ወደ ሬዚስተሩ ስንመጣ፣ ሥዕሉ ኦሙን ይነግርዎታል፣ ዋቱን ግን ብዙ ጊዜ ለእርስዎ ይተዋል። 100 ኦም ላይ 12 ቮልት ሲያርፍ 1.44 ዋት ይወጣል፤ በላብ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው የሩብ ዋት ናቸው። ለሩብ ዋት በ12 ቮልት ከ576 ኦም በታች አይሞከርም፤ እንዳይግል ከፈለጉ 1.2 ኪሎ ኦም ይሻላል።

ፓወሩን ከማብራትዎ በፊት በየነጥቡ ስንት እንደሚጠብቁ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። የጠበቁት 5፣ ያነበቡት 4.76 ከሆነ መጠየቅ ይጀምራሉ። ለምሳሌ ሁለት የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች 10 ቮልትን ሲካፈሉ ባለ 10 ሜጋ ኦም ሜትር በትክክል ይህንኑ 4.76 ያነባል፤ ሜትሩ ራሱ ሦስተኛ ሬዚስተር ሆኗልና። ቀድሞ ያልጻፈ ተማሪ «ወደ 5 ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ለፒኤልሲ ላብ የሞተር ስታርትና ስቶፕ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከሪሌይ ሥዕሉ አንድ በአንድ ነው የገለበጥኩት። ስታርት ስጫን ሞተሩ አይነሳም። መምህሩ «ስቶፑን እየው» ብለውኝ አለፉ።

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው። የስቶፑ ቁልፍ ሳይነካ ዝግ የሚሆን ኮንታክት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይጫነው 24 ቮልት ወደ ፒኤልሲው ይገባል፣ ቢቱም (በፕሮግራሙ ውስጥ የቁልፉን ሁኔታ 0 ወይም 1 ብሎ የሚይዘው) 1 ይሆናል። አንተ ከሪሌይ ሥዕሉ የገለበጥከው የዝግ ኮንታክት ምልክት ግን ፕሮግራሙ ውስጥ «ቢቱ 0 ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አይደለም፤ መስመሩ እዚያው ይቆረጣል። ምልክቱን ወደ ክፍት ኮንታክት ለውጠው፣ ሞተሩ ይነሳል።

ፕሮግራሙን ትቶ ቁልፉን በክፍት ኮንታክት መቀየርም ያሠራል፤ ብዙ ተማሪም ይህን ያደርጋል። አታድርገው። የስቶፑ ሽቦ አንድ ቀን ቢበጠስ ወይም ዊንቱ ቢላላ፣ ሰው ቁልፉን እየተጫነው ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። በዝግ ኮንታክት ከሆነ የተበጠሰ ሽቦ ራሱ ሞተሩን ያቆመዋል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ደግሞ በተራ የፒኤልሲ ፕሮግራም ላይ ብቻ አይመካም፤ በሽቦ ወይም በሴፍቲ ሪሌይ በኩል የኮንታክተሩን (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠውንና የሚቆርጠውን ትልቅ ሪሌይ) ኮይል በቀጥታ መቁረጥ አለበት።

ስታርቱን ስትለቅ ሞተሩን ይዞ የሚያቆየውን ኮንታክትም ከፒኤልሲው ውጤት ቢት ሳይሆን ከኮንታክተሩ ረዳት ኮንታክት ውሰደው። ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ከረንት ሲወስድ የሚቆርጠው መከላከያ) ከኮይሉ ጋር በሽቦ ተያይዞ ከሆነ፣ ሲቆርጥ ፒኤልሲው አያውቅም፤ ቢቱ 1 እንደሆነ ይቆያል። ሰው መጥቶ ኦቨርሎዱን ሪሴት ሲያደርግ ሞተሩ ስታርት ሳይጫን በእጁ ላይ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ኮምፕሌክስ ቁጥር የሚሠራ ካልኩሌተር፣ ብሬድቦርድ፣ የሩብ ዋት ሬዚስተር ስብስብ፣ 22 ጌጅ ድፍን ሽቦ፣ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳና ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ። ሶልደር ካስፈለገ መሃሉ ሮዚን ያለው ይሁን፤ ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ሰሌዳውን ይበላዋል። ኦሲሎስኮፕ አይግዙ፣ የኮሌጁ ይበቃል። ብሬድቦርዱን ሲሞክሩ ዳር ያሉት የፓወር መስመሮች መሃል ላይ የተቆረጡ መሆን አለመሆናቸውን በሜትር ይፈትሹ።

ገንዘብዎን በመልቲሜትሩ ላይ ያውጡት፦ ትሩ አርኤምኤስ፣ ካት 3 (የሜትሩ የደህንነት ደረጃ)፣ 600 ቮልት። በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተለመደው ሦስት ፌዝ 480 ቮልት ነውና ከዚህ በታች ያለው ኋላ አይሆንዎትም። ኃይል መጥፋቱን ሲያረጋግጡ ሜትሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ፣ ቀጥሎ በሚሠሩበት ላይ፣ ከዚያ እንደገና በመጀመሪያው ቦታ ይሞክሩት። ገመዱ የተበጠሰ ሜትርም ዜሮ ያነባል።