ሳይክል ጭኖ ከጓደኛ ጋር መውጣት፦ ነዳጅ ብቻ አትካፈሉ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አራት ሆናችሁ ከባሕር ዳር ልትነሱ ነው። ሳይክሎቻችሁን በአንደኛው ጓደኛችሁ ኮሮላ ጭናችሁ እንጅባራ ትወጣላችሁ፣ በዘንገና ሐይቅ በኩል ስትነዱ ትውሉና ማታ ትመለሳላችሁ። «ነዳጁን ለአራት ብንካፈል ይበቃል ወይ?» ነው ያልከው። አይበቃም። አንዳንዶች «ጓደኛ እኮ ነው፣ ምን ሒሳብ ያስፈልጋል» ብለው መልሰውልሃል። እኔ ደግሞ ጓደኛ ስለሆነ ነው ሒሳቡ የሚያስፈልገው ባይ ነኝ። ባለመኪናው አፍ አውጥቶ አይናገርም። ይሉኝታ ይይዘዋል። ከዚያ በሚቀጥለው ሲጠራ «መኪናዋ ትንሽ ችግር አለባት» ማለት ይጀምራል፣ ቡድኑም በዚያው ይበተናል። እንዲህ የተበተነ ቡድን አውቃለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

እስቲ መጀመሪያ ነዳጁን እንየው። ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 240። ዘንገና ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ጠዋት በየቤቱ እየዞራችሁ ሰውና ሳይክል የምትለቅሙትን ስትጨምርበት 260 ብትይዝ አታጋንንም።

ኮሮላው ባዶውን በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ባዶውን ነው ያልኩት። አራት ሰው ተቀምጦበት፣ ፖርቶ መጋላው ላይ አራት ሳይክል ቆሞበት ያ ቁጥር አይሠራም። ብዙ ሰው የሚያስበው ክብደቱን ነው። የአራት ሳይክል ክብደት 60 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ነው፣ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ነዳጁን የሚበላው ነፋሱ ነው። ጣራ ላይ የቆመ ሳይክል መሪው፣ ጎማው፣ ፔዳሉ ሁሉ ነፋስ ያግዳል። ያ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመራዊ እስከ ዳንግላ ባለው ሜዳ ላይ ሹፌሩ 100 ካስኬደው ኪሳችሁን ነው የሚያራግፈው። በ70 ሂዱ፣ ለሳይክሉም ለእናንተም ይሻላል። ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ ያለበት መንገድ ስለሆነ እንኳን ሳይክል ተጭኖ ባዶውንም ቢሆን ለፍጥነት አይሆንም። ዳገቱንም አትርሳ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ እንጅባራ ከ2,500 ትበልጣለች፤ ስትወጡ የሚበላው ስትመለሱ ከሚበላው ይበልጣል።

እንግዲህ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ያዝ። 260ን ለ8 ስታካፍለው 32 ሊትር ተኩል ይመጣል። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ለስሌት ያህል ሊትሩን 130 ብር እንበለው፣ 4,225 ብር ነው። አንተ የምትለው ይህን ለአራት አካፍሎ እያንዳንዱ 1,056 ብር ማዋጣትን ነው።

አሁን ባለመኪናው ጋ ና። ጎማ አለ። አንዱ ጎማ 10,000 ብር ቢገዛና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ አራቱ በየኪሎ ሜትሩ 1 ብር ይበላሉ ማለት ነው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ለዚያም 5,000 ብር ብትይዝ ሌላ 1 ብር። የፍሬን ሸራ፣ ሞላ፣ ጥቃቅን ጥገና ሁሉ ተደምሮ ሌላ 1 ብር በለው። ዋጋዎቹን አንተ በሰፈርህ ዋጋ ቀይራቸው፣ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። በኪሎ ሜትር 3 ብር ማለት ለ260 ኪሎ ሜትር 780 ብር ነው። ይህን ማን ከፈለው? ባለመኪናው። ነዳጁን ለአራት ስትካፈሉ እናንተ 1,056 ስትከፍሉ እሱ 1,836 ከፈለ። መኪና ያመጣውም እሱ፣ ሲነዳ የዋለውም እሱ፣ ብዙ የከፈለውም እሱ። ይሄ ልክ አይደለም!

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ባለመኪናው ከነዳጅ መዋጮ ይውጣ። ነዳጁን ሦስታችሁ ተካፈሉት፣ 1,400 ምናምን ይደርስባችኋል። እሱ የመኪናውን ድካም ይቻል። በጥቅሉ ሲታይ እሱ ከእናንተ ያነሰ ወጣው ብትለኝ፣ አዎ፣ አነሰ፤ ግን ደርሶ መልስ አራትና አምስት ሰዓት መሪ ይዞ ነበር። አንዱ ጓደኛ መንጃ ፈቃድ ኖሮት መንዳቱን የሚጋራ ከሆነ ግን ሁሉንም ደምራችሁ፣ 5,005 ብሩን ማለቴ ነው፣ ለአራት ብትካፈሉት 1,250 ገደማ ይወጣል፤ ያም ፍትሐዊ ነው። ከዚህ አልፎ ትርፍ ማስከፈል ግን አይሆንም። የግል ታርጋ ያለው መኪና ለኪራይ አይፈቀድም፣ ኢንሹራንሱም ላይ ጣጣ ያመጣል። ወጪ መጋራት ሌላ፣ ሰው ጭኖ መነገድ ሌላ።

ስንት ሊትር እንደሄደ እንዳትከራከሩ ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉ ይሞላ። ስትመለሱ እዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ ይሞላ። ሁለተኛው ላይ የገባው ነው የጉዞው ነዳጅ። ክፍያው በቴሌብር ስለሚሆን ደረሰኙ ስልክ ላይ አለ፣ ፎቶውን ግሩፓችሁ ላይ መለጠፍ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ሰልፉ። ባለመኪናው ዓርብ ቀን ማደያ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ከዋለ ያም ወጪ ነው። ቢያንስ አንዳችሁ አብራችሁት ዋሉ፣ ወይ ምሳውን ቻሉ። ነዳጅ ጠፍቶ በጀሪካን ከጎን ከተገዛ ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል፤ እኔ ብሆን ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፈዋለሁ።

አጫጫኑ ራሱ ገንዘብ ነው። የፊት ጎማዎቹን ፍቱና ውስጥ አስገቡ፣ የነፋሱ ጣጣ በግልጽ ይቀንሳል። ፔዳሉንም ፍቱት። በ15 ቁልፍ ነው የሚፈታው። የግራው ጥርስ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ እንደ ቀኙ ልፍታ ብለህ ስትታገል ይበልጥ ታጠብቀዋለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ጥርሱን የሚበላው። ሳይክሉን ማስተኛት ግድ ከሆነ ማርሹ ያለበት ቀኝ ጎን ወደ ላይ ይሁን። ማርሹ ከታች ሆኖ 120 ኪሎ ሜትር ከተንገጫገጨ ይጣመምና ዘንገና ስትደርስ ካቴናው እየዘለለ ያስቸግርሃል። በየመካከሉ የማዳበሪያ ከረጢት አጣጥፋችሁ አስገቡ። ገመድ ብቻ አትመኑ፣ ገመድ እየላላ ይሄዳል። ጎሚስታ ቤት የተጣለ የመኪና ካላማዳሪ ለምናችሁ በቁመቱ ክፈፉት፣ ወጥራችሁ ስታስሩት እየተሳበ ይይዛል፣ ቀለምም አይልጥም። ዳንግላ ላይ ቆማችሁ ማሰሪያውን በእጅ ፈትሹ። ለቡና ትቆሙ የለ፣ በዚያው።

ቪትዝ ወይም ሌላ ትንሽ መኪና ከሆነ ጣራውን እርሱት። የኋላ ወንበሩን አጥፋችሁ፣ ሁለቱንም ጎማ ፈትታችሁ ሁለት ሳይክል ከሁለት ሰው ጋር ውስጥ ይገባል። ነዳጁም እንደ ወትሮው ነው። ለአራት ሰው ግን አይሆንም። ፒክአፕ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ክርክሩ አለቀ።

መኪና ከሌለ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ሚኒባስ ነው። የሳይክሉ ሒሳብ ከረዳቱ ጋር የሚያልቅ ነው፤ አንዳንዱ እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በግማሽ ይስማማል። መናኸሪያ በጠዋት ሂዱ፣ ጣራው በዕቃ ሳይሞላ። አራታችሁም ካንድ ሚኒባስ ጋር ተደራደሩ፣ አንድ በአንድ ስትሄዱ ነው የሚወደደው። ሌላው ከሰል ሊጭን የሚወጣ አይሱዙ ነው። አዊ ዞን ውስጥ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በብዛት ስለሚጫን ባዶውን የሚወጣ መኪና አይጠፋም፤ ባዶ ስለሆነ ሹፌሩ በርካሽ ይስማማል። አንዳችሁ ጋቢና ግቡና ሳይክሎቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌላው በሚኒባስ ይከተል። ከኋላ ጭነቱ ላይ ሰው አይውጣ፣ ርካሽ ነው ተብሎ ሕይወት አይሰጥም። ካቴናውንና ማርሹን በላስቲክ ጠቅልሉት። የከሰል ብናኝ ከቅባቱ ጋር ሲለወስ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፣ በጨርቅ ጠርጌ እጨርሰዋለሁ ብትል እስከ ማታ አትጨርሰውም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለምን ደርሶ መልስ ትጭናላችሁ? ስትወጡ በመኪና ሂዱ፣ ስትመለሱ ጉልበት ያላችሁ በሳይክል ውረዱ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ መንገዱ በጥቅሉ ወደ ታች ነው፣ ዳገት ባይጠፋውም። ሁላችሁም ባትችሉ ሁለታችሁ እስከ ዳንግላ ንዱ፣ መኪናው እዚያ ይጠብቃችሁ። ከዳንግላ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ስትቀርቡ ትራፊኩ እየበዛ ስለሚሄድ፣ ደግሞም እየመሸ ስለሚሆን፣ እዚያ ላይ ጭኖ መግባቱ ይሻላል። ሁለት ሳይክል ከጣራ ሲወርድ ነዳጁም ይቀንሳል።

ከደብረ ማርቆስ የጠየቅሽው እህታችን፣ ያንቺ ከዚህ ይለያል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በሳይክል ወርዶ በመኪና መመለስ ነው ያሰብሽው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ሳይክል ነጂ ሁሉ የሚመኘው። ወጪው ግን ያለው ዳገቱ ላይ ነው። መኪናው ሰውና ሳይክል ጭኖ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ የሚበላውን ነዳጅ በሜዳው ስሌት አታስቢው፣ ለዚያ ቁራጭ መንገድ እጥፍ ያዢ። ከመነሳታችሁ በፊት ራዲያተሩ ይታይ፣ ውኃም በጀሪካን ያዙ፤ ሞተር ከጋለ ከነዳጁ የሚበልጠው የጋራዡ ሒሳብ ነው። የሳይክልሽን የፍሬን ጎማ አዲስ አድርጊው። ከባድ መኪና የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ ደግሞ መኪናችሁ ከኋላችሁ ፍሬቻ አብርቶ ይከተል እንጂ ቀድሞ ወርዶ አይጠብቃችሁ።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። በጥር አጋማሽ ነው ብለሃል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ካመሻችሁና ማደር ካማራችሁ አልጋ በወትሮው ዋጋ አትጠብቁ። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ያምራል፣ ሂዱ፤ ግን አልጋውን አስቀድማችሁ ያዙ። ብርዱንም አትናቁት፣ ከባሕር ዳር ሙቀት በቁምጣ ወጥቶ ማታ ጃኬት የሚገዛ ሰው አይቻለሁ፣ እሱም ወጪ ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠዋት እንጅባራ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። መንገድ ከተዘጋ ዳንግላ ላይ ታድራላችሁ፣ ሒሳቡም ሌላ ይሆናል።

በመጨረሻ የሚቀር ሰው ጉዳይ። ሁሌም አንድ ሰው ቅዳሜ ማታ «አልመጣም» ይላል። ያኔ 4,225ቱ ለሁለት ይካፈላል፣ ለሚሄዱት ከባድ ነው። እኛ የምንሠራው ገንዘቡን ሐሙስ በቴሌብር መሰብሰብ ነው፤ ከዓርብ ማታ በኋላ የቀረ ሰው ምትክ ካላመጣ ብሩ አይመለስለትም። ታመመ ወይም ለቅሶ ገጠመው ከተባለ ይመለስለታል፣ ሌላው አይደለም። ይህን ዛሬውኑ ግሩፓችሁ ላይ ጻፉት። ባለመኪናው ሳይሆን ከሦስታችሁ አንዱ ይጻፈው።