የአንባቢ ጥያቄ፦ የዶክትሬት አጠቃላይ ፈተና

ጥያቄ፦ የዶክትሬት አጠቃላይ ፈተናዬን ቤት ወስጄ፣ በ72 ሰዓት ሠርቼ በኢሜይል ላስረክብ ነው። የንባብ ዝርዝሩ አስፈራኝ፤ ከምን ልጀምር? (መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ዝርዝሩን ከራስ እስከ ግርጌ ላነብ ስል ሁለት ወር አቃጥያለሁ። አንተ በፈታኞችህ ጽሑፎች ጀምር፤ ሰው የሚጠይቀው የሚያሳስበውን ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ግማሽ ገጽ ያዝ፦ ደራሲው ምን ይላል? በምን ማስረጃ? ከማንስ ጋር አይስማማም? ሦስተኛዋን ከዘለልህ የምታስረክበው የመጻሕፍት ጭማቂ ይሆናል።

ስለ ማስረከቡ ደግሞ ልንገርህ። የእኔ ቀነ ገደብ «12 ሰዓት» ይል ነበር። እንደ ደሴ ሰው ማታ 12 ብዬ ተዝናናሁ፤ ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቀን 6 ሰዓት! ጓደኛዬ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደውሎ ነገረኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ፒያሳ በጭጋግ ውስጥ ሮጥሁ፤ ያውም ኮምፒውተር ታቅፌ። ስለዚህ ሰዓቱን በጽሑፍ ጠይቅ። ፋይሉን በፒዲኤፍ አስቀምጠህ ለራስህ ላክ፣ በሌላ ስልክም ክፈተው፤ የግዕዝ ፊደል አንዳንዴ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደርሳል። «ደርሶናል» የሚል መልስ እስኪመጣልህም ከኢሜይልህ አትራቅ።