መልስ፦ ግራፋይት ቀለሙ ለምን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም?

ወንድሜ፣ የኤሌክትሪክ ጊታርህን እምምታ (የሚረብሽ ጉምጉምታ) ለመከለል ግራፋይት ከኮላ ጋር ቀላቅለህ፣ ሽቦዎቹ የሚቀመጡበትን የጊታሩን ጎድጓዳ ቀብተህ፣ ሲደርቅ መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ምንም አላነብ እንዳለህ ጽፈሃል። ኮላው በዝቶብሃል። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው የግራፋይቱ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲነካኩ ነው፤ ኮላው ከበዛ እያንዳንዷን ቅንጣት ሸፍኖ ይለያያቸዋል።

በኮላው ፈንታ አክሪሊክ ተጠቀም፣ በስፍር ለካ፦ ለ1 እጅ ውሃ ወለድ አክሪሊክ ቀለም ከ1 እስከ 1 ተኩል እጅ በደንብ የላመ የግራፋይት ዱቄት። ከወፈረ ውሃ ጠብ ጠብ አድርግበት። የእርሳስ ፍቅፋቂ አይሆንም፣ ሸክላ አለበት። ዱቄቱ ስለሚቦን ማስክ አድርግ።

3 ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባ፣ በየመሃሉ ይድረቅ። እርጥብ እያለ አትለካ፤ ውሃው ራሱ ስለሚያስተላልፍ ያሳስትሃል። በማግስቱ በማንኪያ ጀርባ ጫን እያልክ አሸው፤ ጥቁሩ ቀለም እንደ እርሳስ ጭረት ብርማ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተዋል ማለት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት መቶ ኦም ካነበበ ግሩም ነው፣ እስከ 2 ኪሎ ኦምም ይሠራል። አሥር ኪሎ ኦም ካለፈ ግራፋይት ጨምረህ ድገመው።

ብዙዎች የሚረሱት ግራውንዱን፣ ማለትም ቀለሙን ከጊታሩ የመሬት መስመር ጋር ማገናኘቱን ነው። ቀለሙ ላይ ትንሽ ብሎን ከነቀለበቱ እሰርና ከቮልዩሙ ፖት (ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) ጀርባ ጋር በሽቦ በየደው፤ ያለዚያ ቀለሙ ምንም አይከልልም። የጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ሲግናል ጫፍ የተቀባውን ግድግዳ ከነካ ደግሞ ድምፁ በጣም ይዳከማል ወይም ይጠፋል፣ እዚያ ጋ ቴፕ ለጥፍ።

የሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት በአንድ ጥቅል ሽቦ ወደ ሲግናል የሚቀይረው ክፍል) እምምታ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ማግኔታዊ ሞገድ እንዲህ ያለ ስስ ቀለም አያግደውም።