የኢኤፍጂ ስትረስ በኤፍጂኤም ቢም የላይኛው ፊት ላይ ለምን ይሳሳታል?

ጥያቄህ ባጭሩ፦ በኢኤፍጂ (ኤለመንት ፍሪ ጋለርኪን፣ ያለ ኤለመንት ሜሽ ኖድ በሚባሉ ነጥቦች የሚያሰላ ዘዴ) የተሰላ የኤፍጂኤም (ባሕርዩ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቁስ) ቢም፤ ከታች አሉሚኒየም፣ ከላይ አሉሚና (ሴራሚክ)፣ መሃሉ ቀስ በቀስ የሚቀላቀል፤ የቅልቅሉ ፓወር ኤን 10፣ በውፍረቱ 11 ኖድ። መፈናቀሉ ጥሩ ነው፣ የላይኛው ፊት ስትረስ ግን ዝቅ ይላል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ይዘላል።

ሜሽ አልባ ዘዴውን ከመውቀስህ በፊት ኤኑን ተመልከት። የሴራሚኩ ድርሻ ከታች የተለካው ከፍታ ለውፍረቱ ተካፍሎ፣ ወደ ፓወር 10 (ኤን) ሲነሳ ነው። ለአሉሚኒየም 70፣ ለአሉሚና 380 ጊጋፓስካል ብትወስድ፣ ከላይ ሁለተኛው ኖድ ላይ ሞዱለሱ (የቁሱ ግትርነት) 178 ገደማ ነው፤ ቀጣዩ ኖድ 380። በአንድ ክፍተት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ኮድህ ለእያንዳንዱ የኢንተግሬሽን ሴል የመሃሉን ሞዱለስ (256) የሚሰጥ ከሆነ፣ ስትሬይኑ (አንጻራዊ የቅርፅ ለውጡ) ትክክል ቢሆን እንኳ የፊቱ ስትረስ በሲሶ ያንሳል። ሞዱለሱን በየጋውስ ነጥቡ (ኢንተግሬሽኑ በሴሉ ውስጥ በሚሰላባቸው ነጥቦች) አስላ፤ ስትረስ ስታወጣም በዚያው በምታወጣበት ነጥብ ላይ እንደገና አስላው። ብዙዎች የመጀመሪያውን አስተካክለው ሁለተኛውን ይረሱታል።

ቀጥሎ ኖዶቹን ወደ ላይ አጥብቅ፤ የላይኛው ክፍተት ከውፍረቱ 2 በመቶ ይሁን፣ ሴሎቹም ይከተሉት፣ በየሴሉ 4 በ4 ጋውስ። እዚህ ላይ የሳፖርት ራዲየሱን (የአንድ ኖድ ተጽዕኖ የሚደርስበትን ርቀት) ቋሚ አታድርግ፤ በአካባቢው ክፍተት ልክ 2.5 እስከ 3 እጥፍ አድርገው። በጠባቡ ልክ ሁሉንም ብትወስን ከታች ያሉት ነጥቦች በቂ ጎረቤት ያጡና የኤምኤልኤስ (ሙቪንግ ሊስት ስኩዌርስ፣ ቅርፅ ፈንክሽኖቹ የሚሠሩበት ስሌት) ማትሪክሱ ሲንጉላር ይሆናል፣ ማለትም አይገለበጥም። በሰፊው ብትወስን ደግሞ ያጠበብከው ሁሉ ይለሰልሳል።

ድንበሩን በተመለከተ፦ የኤምኤልኤስ ቅርፅ ፈንክሽን በኖዱ ላይ 1፣ በሌሎቹ 0 ስለማይሆን፣ እንደ ፋይናይት ኤለመንት ረድፍ ሰርዘህ ማሰር አይሠራም። ፔናልቲ (ድንበሩን በትልቅ ቁጥር የማስገደድ ዘዴ) ከተጠቀምክ ከትልቁ ሞዱለስ (380) 10,000 እጥፍ ጀምር፣ ሁለቴ በ10 እያባዛህ መፈናቀሉ መለወጡን እይ፤ ካልተለወጠ ይበቃል። ላግራንዥ መልቲፕላየር (ድንበሩን በተጨማሪ ያልታወቁ የማሰር ዘዴ) ከመረጥክ ቾለስኪ የተባለውን የእኩልታ መፍቻ ተው፣ ማትሪክሱ ፖዘቲቭ ዴፊኒት አይሆንም።

በታሰረው ጫፍ ማዕዘን ላይ የሚታየው ዝላይ ግን እውነተኛ ሲንጉላሪቲ (ስትረሱ ያለ ገደብ የሚያድግበት ነጥብ) ሊሆን ይችላል። ኖድ በጨመርክ ቁጥር የሚያድግ ከሆነ አትታገለው፤ ንጽጽሩን ከድጋፉ ቢያንስ አንድ ውፍረት ርቀህ ውሰድ።

ኮዱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ኤንን 0 አድርገህ (ቁሱ አንድ ዓይነት ይሆናል) ፓች ቴስት፣ ማለትም ወጥ ስትሬይንን በትክክል መስጠቱን የሚያይ ፈተና፣ አሳልፈው። ከዚያ የውስጥ ግፊት ያለበትን ባዶ ሲሊንደር ሞክር፤ ሞዱለሱ እንደ ራዲየሱ ፓወር («በ» እንበለው) ሲለወጥና የፖይሰን ሬሾው (ነ) ቋሚ ሲሆን፣ በፕሌን ስትረስ የራዲየስ መፈናቀሉ የሁለት ፓወሮች ድምር ነው። ፓወሮቹ (መ) የዚህ እኩልታ መልሶች ናቸው፦ መ² + በ·መ + ነ·በ − 1 = 0። ሁለቱን ቋሚዎች ከውስጥና ከውጭ ግፊቱ ታገኛለህ።

ወደ ኮሎኬሽን (የሚዛን እኩልታውን ያለ ኢንተግሬሽን በየኖዱ በቀጥታ ወደሚያስከብር ዘዴ) ከዞርክ ግን የሞዱለሱን ደሪቫቲቭ የያዘውን ተርም ከሚዛን እኩልታው እንዳትጥለው፤ በደካማው ፎርም (እንደ ኢኤፍጂ በኢንተግራል ሲጻፍ) በራሱ ይገባል፣ በጠንካራው (እንደ ኮሎኬሽን በቀጥታ ሲጻፍ) ግን አንተ ካልጻፍከው የለም።